ከኬኩ በፊት ጠረጴዛው

ጥር ገብቶ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ የአዲስ አበባ አዳራሾች ቅዳሜና እሑድ ፋታ የላቸውም። በጾሙ 55 ቀናት ሠርግ ስለማይደገስ ብዙው ሙሽራ ለእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ይሽቀዳደማል። ከማለዳ ጀምሮ ጨርቅ የሚወጥሩ፣ አበባ የሚሰኩ፣ መብራት የሚያስሩ ሰዎች አዳራሹን ሲያምሱት ይውላሉ። ኬኩ የሚደርሰው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሹፌሩ በየጉድጓዱ ነፍሱን ይዞ እየነዳ፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሣጥኑን በሁለት እጁ እንዳቀፈ ይመጣሉ። ከዚያም «የት እናስቀምጠው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። አንዱ ከጓዳ ትርፍ ጠረጴዛ ጎትቶ ያወጣል፣ ሌላው የተረፈ ነጭ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። በብዙ ሺህ ብር የተሠራው ኬክ ማዕዘን ላይ፣ ከድምፅ ማጉያው ጎን ይቆማል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሠርግ ኬክ ለሰዓታት ይታያል፣ በደቂቃዎች ይበላል። እንግዳው ሙሽሮቹን አይቶ ሲጨርስ ዐይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የቆረሳው ፎቶም ሳሎን ግድግዳ ላይ ወጥቶ ልጆች እስኪያድጉ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ፎቅ ለማሠራት የሚወጣው ገንዘብ ለማስቀመጫው፣ ለመብራቱና ለቦታው ቢውል የተሻለ ያሳምራል። በታሰበበት ጠረጴዛ ላይ የቆመ ትንሽ ኬክ ያለ ቦታው ከተገተረ ባለ አምስት ፎቅ ይበልጣል።

ኬክን ለዐይን ማቅረብ አዲስ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል አልበርትን ስታገባ የቀረበው ኬክ 140 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ዙሪያው 2.7 ሜትር ያህል ነበር፣ ቁመቱ ግን 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ። የቁመቱን ማነስ ያካካሰው ከላዩ የተቀመጠው ቅርጽ ነው። ብሪታንያን የምትወክል ሴት ሙሽሮቹን ስትባርክ ይታያል፤ ንግሥቲቱና ባሏ የጥንት ሮማውያን ልብስ ለብሰዋል፤ ከእሱ እግር ሥር ውሻ፣ ከእሷ እግር ሥር ጥንድ ርግቦች አሉ። ፎቅ በፎቅ የሚደረበው ቅርጽ ደግሞ ለንደን ከሚገኘው የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን ማማ የተቀዳ ነው ይባላል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰፈሩ የነበረ አንድ ጋጋሪ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄደውን ማማ አይቶ ለሠርጉ ኬኩን እንደዚያው ሠራ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ከሁሉም የሚገርመው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የብሪታንያ መንግሥት ስኳር ለመቆጠብ ሲል ኬክን በስኳር መሸፈን ከለከለ። ኬክ ቤቶች ታዲያ ባለ ብዙ ፎቅ ኬክ የሚመስል የካርቶን ወይም የጀሶ ሽፋን ሠርተው ማከራየት ጀመሩ። ሙሽሮቹ ከሥሩ ትንሽዬ ኬክ ያስቀምጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሽፋኑ ይነሳል፣ ኬኳ ትቆረሳለች። ሽፋኑም ለሚቀጥለው ሠርግ ይሄዳል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የምግብ ራሽኑ ስላልተነሳ እ.ኤ.አ. በ1947 ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ፣ 2.7 ሜትር ለሚረዝመውና 4 ፎቅ ለነበረው ኬኳ ከተሰጡት ግብዓቶች የአውስትራሊያ ሴት ስካውቶች የላኩት ይገኝበታል።

የካርቶኑ ዘዴ ዛሬም መልኩን ቀይሮ በየአዳራሹ አለ። ከፎቆቹ አንዳንዶቹ ፎንዳንት በሚባለው የስኳር ሊጥ የተሸፈነ ፎም ናቸው፤ እንግዳው የሚበላው ከጓዳ ተቆራርጦ በትሪ የሚወጣውን ኬክ ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ ግን ምንም ነውር የለበትም። ዋጋው ይቀንሳል፣ ክብደቱ ይቀላል፣ ኬክም አይባክንም። ነውሩ ሙሽሮቹ የትኛው ፎቅ እውነተኛ እንደሆነ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው። ያኔ ቢላዋው በሕዝብ ፊት፣ ካሜራ ተደቅኖ፣ ርችት እየፈነጠቀ ፎም ላይ ይቀረቀራል። ስለዚህ እውነተኛው ኬክ ታች ይሁን፤ የትኛው ጎን እንደሚቆረስም ለሚዜዎቹ ቀድሞ ይነገር።

ጠረጴዛን ስለማስዋብ ለሚያስብ ሰው በቅርብ ጊዜ ከታዩት ሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በእንግሊዝ ዊንዘር ቤተ መንግሥት የቀረበው ነው። ልዑል ሃሪና ሜጋን ማርክል ሲጋቡ ኬኩን የሠራችው ክሌር ፕታክ ነበረች፤ ለንደን ውስጥ ቫዮሌት የሚባል ኬክ ቤት ያላት ጋጋሪ። 200 የጣሊያን ሎሚ፣ 500 እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዱቄትና ስኳር እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ገብተውበታል። መጠኑን ለሰማ ሰው ጣሪያ የሚነካ ኬክ ይታየዋል። የቀረበው ግን ሌላ ነው። ኬኮቹ ሁሉም በአንድ ላይ አልተደረቡም፤ ከፍታቸው የተለያየ ወርቃማ ማስቀመጫዎች ላይ ተከፋፍለው ቆሙ። ሽፋናቸው ነጭ ክሬም ሲሆን ጌጣቸው ትኩስ አበባ ብቻ ነበር።

ውበቱን የሰጠው ስኳሩ ሳይሆን የከፍታው ልዩነት ነው። ዐይን ዝቅ ካለው ተነስቶ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው ይሄዳል፤ ሁሉም እኩል ቢሆኑ አንድ ጊዜ ቃኝቶ ያልፋቸው ነበር። ሐሳቡን እዚህ አገር ለመተግበር ቤተ መንግሥት አያስፈልግም። ሦስት ተራ ክብ ኬኮችን በሦስት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ማቆም አንድ ባለ አምስት ፎቅ ከማሠራት የሚቀል ነው። ማስቀመጫ ከዲኮር ቤት ይከራያል፤ ካልተገኘም ጠንካራ ሣጥን ገልብጦ በጨርቅ መሸፈን ወይም በደንብ የተላገ የግንድ ቁራጭ መጠቀም ይቻላል። ረጅሙን ትክክል መሃል አለማድረግ ነው። ወደ አንዱ ጎን ጠጋ ብሎ ሲቆም ነገሩ ሕይወት ያገኛል። የተደረበ ኬክ ፎቆቹ እንዳይሰምጡ በየውስጡ ድጋፍ እንጨት ይተከልለታል፤ ተለያይቶ የሚቆመው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ተራ የአዳራሽ ጠረጴዛ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ዝቅ ያለ ኬክ እንዲሁ ቢቀመጥበት ከኋላ ላለው እንግዳ አይታይም፤ ሙሽሪትም ከእነ ቬሎዋ ለመቁረስ ታጎነብሳለች፣ ፎቶውም ይበላሻል። ከፍ ማድረጊያው ለውበት ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ጠረጴዛው ራሱ የማይነቃነቅ ይሁን። እግሩ የሚታጠፈውን ዓይነት ከኬኩ በፊት ሁለት ሰው ገፋ ገፋ አድርጎ ይፈትነው። ጨርቁ እስከ ወለል ወርዶ እግሮቹን ይሸፍን፤ ግን ተርፎ ወለል ላይ ከተኛ አንድ ሕፃን ይረግጠውና የሁሉም ልፋት በሰከንድ ይወርዳል።

ቦታ ከጌጥ ሁሉ ይቀድማል። እስክስታው የሚደምቅበት መሃል፣ አስተናጋጆች የሚመላለሱበት በር፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አይሆኑም። ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ክፍት ቢተው ሙሽሮቹ ከኬኩ ጀርባ ቆመው ፊታቸውን ለእንግዳው ማሳየት ይችላሉ። ብዙ ሠርግ ላይ ግን ጠረጴዛው ከግድግዳ ይለጠፋል፤ ሙሽሮቹ ለእንግዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆርሳሉ፣ ቪዲዮ ቀራጩም ግድግዳ ሥር ይሾልካል።

መብራት ደግሞ የተረሳው ባለሙያ ነው። የዲጄው ሐምራዊና አረንጓዴ መብራት ነጩን ኬክ ያገኘው እንደሆነ ኬክ መሆኑ ቀርቶ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ይመስላል። ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን ከላይ ወይም ከጎን ብቻውን እንዲወርድበት ማድረግ፣ ለዲጄውም በቆረሳው ሰዓት የቀለም መብራቱን እንዲያጠፋ መንገር በቂ ነው። ሻማና ርችት የሚወድ ይጠቀም፤ ሻማው የሙሽሪት ዓይነ ርግብ ከማይደርስበት፣ የርችቱ ፍንጣሪም የጨርቅ አበባ ከማይነካበት ርቀት ላይ እስከሆነ ድረስ።

አበባን በተመለከተ ኢትዮጵያ የታደለች ናት። ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ አበባ ለውጭ ገበያ በብዛት የምታቀርበው እሷ ናት፤ ሆለታና ዝዋይ የጽጌረዳ ቀዬ ሆነዋል። ዋጋውም አውሮፓ ካለው ሙሽራ ይልቅ ለአዲስ አበባው ይቀላል። ችግሩ ያ ጽጌረዳ የተመረተው ለማሽተትና ለማየት እንጂ ለመብላት አለመሆኑ ነው። እርሻ ላይ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ግንዱን እንዲሁ ክሬም ውስጥ መሰካት የተረጨውን ኬሚካል ለእንግዳ እንደ ማቅረብ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ግንዱን በፕላስቲክ ይጠቀልላል ወይም የጭማቂ መምጠጫ ቀሰም ውስጥ ከትቶ ይሰካል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን አበባውን ከኬኩ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ ማፍሰስ ነው። አንዳንዶቹ አበቦች ደግሞ ሳይረጩም መርዛም ናቸው። በየግቢው የሚተከለው ኦሊያንደር፣ የሙሽራ እቅፍ ላይ የማይጠፋው ነጩ ካላ፣ እንደ ኳስ የሚያብበው ሃይድራንጃ ምግብ ሊነኩ አይገባም። በስኳር የሚሠራ አበባ ይህ ሥጋት የለበትም፤ ጊዜና እጅ ግን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለልዑል ዊልያምና ለኬት በቀረበው ባለ 8 ፎቅ ኬክ ላይ 900 የስኳር አበቦች ነበሩ።

የአየሩን ጠባይ የማያውቅ ጌጥ ይከስራል። ቅቤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጥቂት ሲያልፍ ይቀልጣል፤ የአዲስ አበባ ጥር ይምረዋል፣ የድሬዳዋና የአዳማ ቀትር ግን አይምረውም። ፎንዳንት ሙቀትን ይችላል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ እርጥበት ያለው አየር ሲያገኘው ግን ያልበዋል፣ ቀለሙም ይዘረጋል። ሞቃት ከተማ ውስጥ የሚያገባ ሰው ኬኩን ጠዋት አውጥቶ ከሚደረድር ጠረጴዛውን ሙሉ አስውቦ ጨርሶ ኬኩን ከቆረሳው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢያወጣው ይሻላል።

አሁን አሁን ደስ የሚለው ጥለት በኬክ ላይ መታየቱ ነው። መሶብና ጀበና የመሰለ ኬክም እየተለመደ መጥቷል። የሚያምረው ልከኛ ሲሆን ነው፤ ጥለት፣ መስቀል፣ ጀበና፣ መሶብ፣ ጎጆ ቤት አንድ ላይ ሲደረደሩ ጠረጴዛው የስጦታ ዕቃ መደብር ይሆናል። አንድ ነገር መምረጥና እሱን ማጉላት ይበቃል። ጥለቱንም ከአየር ላይ ከመፍጠር ሙሽሪት ለመልስ ከምትለብሰው ቀሚስ መውሰድ ይቻላል። የጨርቁን ፎቶ ቀድሞ ለኬክ ቤቱ መስጠት ነው፤ ያው ጥለት በጠረጴዛው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ቢደገም ኬኩና ሙሽሪት ከአንድ ሸማ የተገኙ ይመስላሉ።

መልሱ ላይ ደግሞ ድፎ ዳቦው አለ። ኬኩ ሁሉንም ትኩረት ወስዶ ሽማግሌዎች መርቀው የሚያስቆርሱት ዳቦ ፌስታል ውስጥ መቅረቡ ያሳዝናል። በኮባ የተጋገረ ድፎ ቅጠሉ ሳይነሳለት፣ ክዳኑ በተከፈተ መሶብ ውስጥ ሆኖ ከሥሩ ነጠላ ቢነጠፍለት ሌላ ጌጥ አያሻውም። የፎቶ ሰው ሁሉ የሚወደው ያንን ቡናማ ቅርፊትና የደረቀውን ቅጠል ነው።

 

የመጨረሻው ጉዳይ መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለልዑል ቻርልስና ለዳያና ሠርግ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካ ተብሎ ሁለት አንድ ዓይነት ኬክ ተሠርቶ ነበር። ተራው ሙሽራ ሁለት ማሠራት ባይችልም ፎቆቹ ለየብቻ ተጭነው አዳራሹ ውስጥ እንዲገጠሙ መጠየቅ ይችላል፤ ለመጠገኛም ትንሽ ክሬምና ጥቂት ትርፍ አበባ አብሮ ይምጣ። ደግሶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው መብራት የሚጠፋው፣ ሊፍት የሚቆመው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ለኬክ ቤቱ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሜትር ይያዙና አዳራሹን ይጎብኙ፤ የበሩን ስፋት፣ የጠረጴዛውን ቁመት፣ የሶኬቱን ቦታ ለክተው ይጻፉ፣ ወረቀቱንም ለኬክ ሠሪውና ለዲኮር ሠሪው እኩል ያድሉ።