የፍሬ ዝምብን በሰው ሠራሽ መኖ ስለ ማርባትና ለተባይ መከላከያ ስለሚሰጠው ጥቅም

የፍሬ ዝምብ የማንጎን፥ የብርቱካንን፥ የዘይቱንንና የዱባን ቆዳ ወግታ እንቁላሏን በውስጡ የምትጥል ትንሽ ዝምብ ናት። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ፍሬውን ከውስጥ ስለሚበላው፥ በውጭ ደኅና መስሎ የታየው ፍሬ በስብሶ ይወድቃል። መድኃኒት ቢረጭም በፍሬው ውስጥ የተሸሸገውን ትል አያገኘውም። ትል የተገኘበትም ፍሬ ከወደብ ስለሚመለስ፥ ጉዳቱ ከባለ አትክልቱ አልፎ ለአገር ንግድ ይደርሳል። በ2003 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኬንያ ታይታ ወደ ኢትዮጵያም የገባችው የእስያ ዝምብ በማንጎ ላይ የምታደርሰው ጥፋት ለዚህ ምስክር ነው።

ሊቃውንት ዝምብን በገዛ ዘሯ የሚዋጉበትን ዘዴ አግኝተዋል። ወንዱ ዝምብ በጨረር መካን ተደርጎ ሲለቀቅ፥ ከእርሱ ጋር የተገናኘችው ሴት የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ነገር ግን ለዚህ ሥራ በየሳምንቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዝምብ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል መንጋ በፍሬ መቀለብ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው፥ ፍሬም ወቅት አለው። ስለዚህ የሥራው ሁሉ መሠረት መኖው ነው።

መኖው የሚዘጋጀው ከስንዴ ፍሩሽካ፥ ከአኩሪ አተር ዱቄት፥ ከስኳር፥ ከእርሾና ከውሃ ነው። ፍሩሽካው እርጥበት ይይዛል፤ ስኳሩ ኃይል ይሰጣል፤ እርሾና አኩሪ አተር ሰውነት ይገነባሉ። ሻጋታ እንዳይበላውም ጥቂት አሲድና ማቆያ መድኃኒት ይጨመርበታል። እንቁላሉ በዚህ መኖ ላይ ይዘራል፤ ትሉም ሲጠግብ ከመኖው እየዘለለ ወጥቶ በሽፋን ተጠቅልሎ ይተኛል። ክንፍ አውጥቶ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው በጨረር መካን ይደረጋል።

የዚህ ሥራ ፍሬ በጃፓን አገር በኦኪናዋ ታይቷል። የዱባ ዝምብ በ1919 በደቡቦቹ በያዬያማ ደሴቶች ታይታ ወደ ሰሜን ተስፋፋች፤ ከደሴቶቹም ዱባና ኪያር ወደ ዋናው ጃፓን እንዳይላክ ተከለከለ። በ1972 በኩሜ ደሴት ሥራው ተጀመረ። በመጀመሪያ ወንዱን በሚስብ ሽታና በመርዝ የዱሩ ዝምብ ቁጥር ተቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ መካኖቹ ተለቀቁ፤ በ1978ም ደሴቱ ከዝምቡ መንጻቱ ተረጋገጠ። ኋላም በሳምንት እስከ 200 ሚሊዮን ዝምብ የሚያረባ ፋብሪካ ሥራውን አሰፋው፤ ከ50 ቢሊዮን በላይ መካን ዝምብ ከተለቀቀ በኋላ በ1993 ኦኪናዋ በሙሉ ነጻ ሆነች።

ሆኖም ብዛት ብቻውን ድል አይሰጥም። በፋብሪካ ለብዙ ትውልድ የተቀለበ ዝምብ ጠባዩ ይለወጣል፤ የዱር ሴቶችም የማይቀበሉት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመብረር ኃይሉና ከዱር ሴት ጋር የመገናኘት ችሎታው ዘወትር ይመረመራል፤ ሲያስፈልግም ዘሩ በዱር ዝምብ ይታደሳል።

ሹማምንትና ባለ አትክልቶች ከዚህ የሚማሩት አንድ ታላቅ ነገር አለ። የተለቀቁት መካን ወንዶች ከዱሮቹ እጅግ ካልበለጡ ሥራው ከንቱ ነው፤ የዱሩን ቁጥር መቀነስ ግን ፋብሪካ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይቻላል። የወደቀ ፍሬ ሳይውል ሳያድር ተለቅሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ይቀበር፤ ወይም በከረጢት ታስሮ በፀሐይ ይቀቀል። ትል ያለበት ፍሬ ከወረዳ ወደ ወረዳ እንዳይጓጓዝ ይከልከል። ማጥመጃ ተሰቅሎ የተያዘው ዝምብ በየሳምንቱ ይቈጠር፤ ቍጥሩም ይጻፍ። አንዱ ትጉህ ሆኖ አትክልቱን ቢያጸዳ፥ ጎረቤቱም ቸል ቢል፥ ዝምቡ አጥር አያግደውምና የትጉሁ ድካም በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ሥራ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚተው ሳይሆን በወረዳው ሁሉ በአንድነት ሊፈጸም ይገባል።