ጉሬዛ፣ ጦጣና ንብ በአንድ የቡና ጥላ ሥር

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቡናው የሚያድገው በዋንዛ፣ በሳሳና በብርብራ ጥላ ሥር ነው። ከታች የመሬት ትል አፈሩን ይፈለፍላል፤ ከፍ ብሎ ንብ አበባውን ትቀስማለች፤ ከሁሉም በላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። የእንስሳት አካል እንዴት እንደተዋቀረ ማወቅ የሚሻ ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ እዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ።

በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የእንስሳት ዝርያዎች ከ1 ሚሊዮን ይበልጣሉ። መሠረታዊ የአካል ንድፋቸው ግን 40 እንኳ አይሞላም። ሦስቱ የቡና ጎረቤቶች፣ ትል፣ ንብና ጉሬዛ፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የሁሉም ግራና ቀኝ ጎን ተመሳሳይ ነው፣ አፋቸው ከፊት ነው፣ ምግብ ከአፍ ገብቶ በሌላኛው ጫፍ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። ትሉ አጥንትም ቅርፊትም የለውም፤ ተመሳሳይ ቀለበቶች ተደርድረው የሠሩት ሰውነቱ ጸንቶ የሚቆመው በውስጡ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነው። የሚተነፍሰውም በእርጥብ ቆዳው ነው።

የንብ አጽም ከውጭ ነው። ጠንካራው ቅርፊቷ ገላዋን ይሸፍናል፣ ጡንቻዋም ከውስጥ በኩል እሱን ይዞ ይሠራል። ስድስቱ እግሮቿና አራቱ ክንፎቿ በሙሉ የወጡት ከደረቷ ነው። ሳንባ የላትም፤ አየር በጎኗ ካሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ ወደ ጡንቻዋ ይደርሳል። ኦክስጅን የማመላለስ ሥራ ስለሌለበት ደሟ ቀይ አይደለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የልቧና የነርቧ አቀማመጥ ነው። የንብ ልብ በጀርባዋ በኩል፣ ዋናው የነርቭ መስመር በሆዷ በኩል ይሄዳል። በጉሬዛም ሆነ በሰው ተቃራኒው ነው፤ ነርቡ በጀርባ አከርካሪ ውስጥ፣ ልቡ ከፊት በኩል ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ጆፍሯ ሳንቲሌር በ1822 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአንዱ አካል ሲገለበጥ የሌላውን ንድፍ ይሰጣል ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርባንና ሆድን የሚለዩት ጂኖች ሲጠኑ በነፍሳትና በአከርካሪ አጥንት ባላቸው እንስሳት ውስጥ ተመሳሳይ ሆነው፣ ነገር ግን ተገልብጠው ሲሠሩ ተገኙ።

ጉሬዛን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ነው፤ ዘመኑም 1835 እ.ኤ.አ. ነበር። የጉሬዛ ጥርስ ብዛት እንደ ሰው 32 ነው፤ የአንገቱ አጥንቶችም እንደ ሰው ሰባት ናቸው። እጁ ላይ ግን አውራ ጣቱ ጠፍቶ ትንሽ ጉብታ ብቻ ቀርቷል። አራቱ ረጃጅም ጣቶቹ እየዘለለ ቅርንጫፍ የሚይዝባቸው መንጠቆ ናቸው።

የቡና ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው ጦጣንና ዝንጀሮን ነው። ሁለቱም ጉንጫቸው ውስጥ ከረጢት አላቸው፤ ቀይ የቡና እሸት ይሞሉበትና ሸሽተው በጸጥታ ያኝካሉ። ሆዳቸውም እንደ እኛ አንድ ክፍል ነው። ጉሬዛ የጉንጭ ከረጢት የለውም። የእሱ ምስጢር ሆዱ ነው፤ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሰፊ ጨጓራ አለው፣ በውስጡም ባክቴሪያዎች ቅጠልን ያብላላሉ። እንደ ላም ባያመሰኳም ዘዴው የላም ነው። ሁለቱ እንስሳት በዘር ሳይቀራረቡ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ እዚህ ደርሰዋል። መመሳሰላቸው ከጨጓራው ቅርጽም ያልፋል። በእንባና በምራቅ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያጠፋው ሊሶዛይም የተባለው ኢንዛይም በላምም በጉሬዛም ጨጓራ ውስጥ አሲድ ተቋቁሞ ይሠራል፤ ቅጠሉን ያብላሉትን ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ፈጭቶ ምግብ ያደርጋቸዋል።

እንዲህ ያለ ሆድ የበሰለና ጣፋጭ ፍሬ አይመቸውም፤ ቶሎ ይቦካና አሲዱ ይበዛል። ስለዚህ ጉሬዛ በዋናነት የሚኖረው በቅጠል ነው፤ በቡናው ማሳ የሚፈልገውም ከቡናው ይልቅ የጥላውን ዛፍ ነው። ገበሬው ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር አንድ ላይ ባይከሰው ፍትሕ ይመስለኛል።

ቅጠል ብዙ ጉልበት አይሰጥም፣ መብላላቱም ጊዜ ይወስዳል። ጉሬዛ የቀኑን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተቀምጦ ያርፋል፤ ሩቅም አይሄድም። በለጠ ጌራን በመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይህ ችግር የለውም፤ ዛፍ ከዛፍ ስለሚነካካ የሚበላውም የሚያልፍበትም በአቅራቢያው ነው። ለቡና ተብሎ ደኑ ሲሳሳ ግን የዛፎቹ አናት ይራራቃል፣ ጉሬዛውም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር መሬት ላይ ይወርዳል። እዚያ ውሻና ነብር ያገኙታል።