እሳቱ የማይታየው ምድጃ፦ ኢንዳክሽን እንዴት ይጸዳል?

አገር ቤት በከሰል ወጥ የሠራ ሰው እሳት መኖሩን በዓይኑ ያውቃል፤ ፍሙ ቀይ ነው። በውጭ አገር የተከራዩት ቤት ውስጥ ያለው ኢንዳክሽን ምድጃ ግን ጥቁር መስታወት ብቻ ነው። ፍም የለ፣ ነበልባል የለ። ሽሮው ገንፍሎ ሲፈስ ታዲያ እጃችን ቶሎ ብሎ ጨርቅ ያነሣል። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡ!

ኢንዳክሽን መስታወቱን ሳይሆን ድስቱን ነው የሚያሞቀው። ከሥር ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል በማግኔት ኃይል የድስቱን ብረት ያግላል። የሸክላ ጀበናችን የማይፈላበትም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የጋለው ድስት ሙቀቱን ለመስታወቱ ስለሚሰጥ፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላም እጅ ያቃጥላል። በብዙ ምድጃዎች ላይ «ኤች» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል በርታ ከታየች ገና ትኩስ ነው ማለት ነው።

የየዕለቱ ጽዳት። ሲበርድ ለስላሳ ጨርቅ በሞቀ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነክረው ይጥረጉ። ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሡና ያድርቁ። የቀረ ሳሙና በሚቀጥለው ጊዜ ያርራል።

ቁሌት ካረረበት። ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው በሞቀ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያልብሱት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይጥረጉት። እምቢ ካለ ለመስታወት ምድጃ የተሠራ ባለ ምላጭ መፋቂያ ይጠቀሙ፤ ምላጩን ዘንበል አድርገው ቀስ ብለው ይግፉ፣ በጫፉ አይጫሩ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ሻካራ የዱቄት ማጽጃ ግን ይቅርብዎ! መስታወቱን ይጭራሉ፤ ቤት ሲለቁም ከዲፖዚትዎ ላይ ሊቆረጥብዎ ይችላል።

ስኳር ከፈሰሰ ግን አይጠብቁ። ስኳር ያለው ሻይ፣ ማር ወይም ማርማላታ መስታወቱ ላይ ከደረቀ ሲነሣ መስታወቱን ሊቦረቡር ይችላል። ምድጃውን ያጥፉ፣ ድስቱን ያንሡ፣ የማዕድ ቤት ጓንት አድርገው እጀታው ረዘም ባለ መፋቂያ ገና ሳይደርቅ ይግፉት። የቀረውን ሲበርድ ያጽዱ።

በረኪናና ኮምጣጤ አይደባለቁ። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ቢሆኑ ይበረታሉ» ብለው እንዳያስቡ። ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከተደባለቀብዎ ልጆቹን ይዘው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ለዚህ ምድጃማ በረኪና ጨርሶ አያስፈልግም።

መስታወቱ ከተሰነጠቀ በእርጥብ ጨርቅ አይንኩት። በስንጥቁ ውኃ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሊይዝዎ ይችላል። ከብሬከሩ ያጥፉት፣ ለአከራይዎ ይንገሩ፤ እስኪቀየር ድረስ አይሥሩበት።

ልጆች፣ ይህቺ የእናንተ ሥራ ናት፦ ከራት በኋላ ምድጃውን ሳትነኩ ከሩቅ ሆናችሁ «ኤች» መጥፋቷን እዩና ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገሩ። በተለይ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አያት ካሉ፣ ምልክቷን አሳዩአቸው። እሳትን በቀይ ፍሙ ሲያውቁ ለኖሩ እናት ጥቁር መስታወት ዕቃ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ሊመስላቸው ይችላል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ፤ እሳቱ ባይታይም ሙቀቱ አለ።