ሐሳብ ከአገር ወደ አገር እንዴት ይሄዳል?

ገበሬዎች! በጎረቤት ማሳ ላይ ያማረ ስንዴ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ዘሩን ከየት እንዳመጣው ትጠይቃላችሁ። ስንት ጊዜ እንዳረሰ፣ መቼ እንደዘራ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ትንሽ ዘር ወስዳችሁ በራሳችሁ መሬት ትሞክራላችሁ።

ከተሞችና ክፍላተ አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አንዱ ችግሩን የፈታበትን ዘዴ ሌላው ይጠይቃል፤ ሄዶ ያያል፤ ይወስዳል። ዛሬ የምንነግራችሁ አንድ ሐሳብ ከብራዚል ተነሥቶ ብዙ አገር እንዴት እንደደረሰ ነው። በመንገድ ላይ ምን እንደጎደለበትም እንነግራችኋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ምን ነበር?

ብራዚል በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ ሰፊ አገር ናት። በደቡብ በኩል ፖርቶ አሌግሬ የሚባል ከተማ አለ። ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። በ1980ዎቹ ዓመታት በከተማው ዳርቻ የሚኖረው ድኻ ብዙ ይቸገር ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው። የፍሳሽ መውረጃ የለም። የከተማው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ግን ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

የሠፈር ማኅበራት በበጀቱ ላይ እኛም እንወስን እያሉ ይጠይቁ ነበር። ለመሆኑ በጀት ምንድን ነው? በዓመት ውስጥ ስንት ገንዘብ እንደሚገባና በምን ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያሳይ ዕቅድ ነው። በ1989 ኦሊቪዮ ዱትራ የሚባሉ አዲስ ከንቲባ ሥራ ጀመሩ። አስተዳደራቸው የሕዝቡን ጥያቄ ተቀበለ። ነገሩም «አሳታፊ በጀት» ተባለ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከተማው በ16 ቀጣናዎች ተከፈለ። በየቀጣናው ሕዝቡ ይሰበሰባል። መጀመሪያ አስተዳደሩ ባለፈው ዓመት ምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳልተሠራ ይናገራል። ቀጥሎ ሕዝቡ ከሁሉ የሚቀድመውን ይመርጣል። ውሃ ነው? መንገድ ነው? ትምህርት ቤት ነው? ከዚያ ተወካዮቹን ይመርጣል። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በጩኸት ሳይሆን በደንብ ነው። የሕዝቡ ብዛት ይታያል፤ የጎደለውም ይታያል። ብዙ የጎደለበት ቀጣና ብዙ ያገኛል።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልሠመረም። የከተማው ገቢ ሁሉ ማለት ይቻላል ለሠራተኛ ደመወዝ ያልቅ ነበር። ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠየቀ፤ የተሠራ ነገር ግን አላየም። በ1990 ለስብሰባ የመጣው ሰው ከ1000 አነሰ። አስተዳደሩ የግብሩን ደንብ አሻሽሎ ገቢውን ከፍ አደረገ። የበጀት ዕቅድ የሚያወጣውንም ክፍል በከንቲባው ሥር አደረገው። ሥራ መታየት ሲጀምር ሰው ተመለሰ። በ1992 ከ7000 በላይ ሰው ተሰበሰበ። በ1989 የፍሳሽ መውረጃ የነበራቸው ቤቶች ከግማሽ በታች ነበሩ። በ1996 ከ100 ቤት 85ቱ አገኙ።

ሐሳቡን ማን ተሸከመው?

ሐሳብ እግር የለውም፤ ሰው ይሸከመዋል። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በቱርክ አገር፣ በኢስታንቡል ስለ ከተሞች ትልቅ ጉባኤ አደረገ። ለሌሎች ምሳሌ ይሆናሉ ተብለው ከተመረጡት ሥራዎች አንዱ የፖርቶ አሌግሬ ነበር። በ2001 ደግሞ የዓለም ማኅበራዊ መድረክ የሚባለው ስብሰባ በዚያው በፖርቶ አሌግሬ ተደረገ። ከብዙ አገር የመጡ እንግዶች የከተማውን አሠራር ሰምተው ሄዱ። በ2004 የዓለም ከተሞችና የአካባቢ አስተዳደሮች ማኅበር ተቋቋመ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በስፔን አገር፣ በባርሴሎና ከተማ ነው።

እንዲህ ያለ የከተሞች ማኅበር እንደ ዕድር አድርጋችሁ እዩት። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ። በየጊዜው ይሰበሰባሉ። ሠራተኞቻቸውን አንዱ ወደ ሌላው ልኮ ያስጎበኛሉ። የተሠራውን በመጽሐፍ አሳትመው በየቋንቋው ያድላሉ። አንዱ ከተማ ሌላውን ማዘዝ ግን አይችልም። ማሳየት ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ሐሳቡ ሩቅ ሄደ። ፔሩ በ2003፣ ደቡብ ኮሪያ በ2011 በሕግ አጸኑት። የፈረንሳይ ዋና ከተማ ፓሪስ በ2014 ጀመረች። በጎረቤታችን በኬንያም ማኩዌኒ የሚባለው አውራጃ ከ2013 ወዲህ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። እዚያ ስብሰባው የሚጀምረው ከመንደር ነው። የሚሠራውን የሚከታተል ኮሚቴም ከነዋሪው መካከል ይመረጣል።

ምን ጎደለ?

የሐሳቡ ቀላል ክፍል ስብሰባው ነው። አዳራሽ ይገኛል፤ ወንበር ይደረደራል፤ እጅ ይወጣል። ከባዱ ክፍል ሌላ ነው። ገንዘቡን የመወሰን ሥልጣን፣ ገቢውን ማሳደግ፣ ለድኻው ቀጣና የሚያደላው ደንብ፣ እነዚህ ናቸው ከባዶቹ። በብዙ ቦታ የደረሰው ቀላሉ ክፍል ነው። በፓሪስ ለሕዝቡ ድምፅ የቀረበው ከከተማው የግንባታ በጀት ከመቶ አምስት እጁ ያህል ነበር። ኋላ ግን አስተዳደሩ ድኻ ለሚበዛባቸው ሠፈሮች ድርሻ ለይቶ አስቀመጠ።

የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። በፖርቶ አሌግሬ በ2004 ምርጫ ሌሎች ሰዎች ሥልጣን ያዙ። አሠራሩ እየላላ ሄደ። በ2017 አስተዳደሩ ገንዘብ አጥሮኛል ብሎ ስብሰባውን አቋረጠ። ዘሩ ከባለቤቱ ጎተራ ሲጎድል በጎረቤት ማሳ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ከመነሻው ያልያዘው ሥር ስላለ ነው፤ አሠራሩ ቆሞ የነበረው በአስተዳደሩ ፈቃድ እንጂ በሕግ አልነበረም።

ለእናንተስ?

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። አንድ ቀን ባለሙያ ቀበሌያችሁ መጥቶ «በሌላ አገር እንዲህ ይደረጋል» ሊላችሁ ይችላል። አትናቁት፤ እንዳለም አትዋጡት። እነዚህን ጠይቁት፦

1. ገንዘቡ ስንት ነው?
2. የምንወስነው እኛ ነን? ወይስ አስተያየት ብቻ ነው የምንሰጠው?
3. ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ መጥቶ የሚነግረን ማን ነው?
4. ሹሙ ሲለወጥ አሠራሩን የሚያስጠብቅልን ምንድን ነው?

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። የወረዳው በጀት በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡት፤ ላላነበበው ጎረቤትም አንብቡለት። ሳይለጠፍ ከቀረ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የፖርቶ አሌግሬ ሰዎችም ሥራቸውን የጀመሩት በመጠየቅ ነው።