ዋጋ የወጣለት የትእዛዝ ጽሑፍ

ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጠው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር «ፕሮምፕት»፣ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ፕሮምፕትቤዝ የተባለ የኢንተርኔት ገበያ አንዱን ጽሑፍ ከ1.99 ዶላር ጀምሮ ሲያሻሽጥ ከሽያጩ 20 በመቶ ኮሚሽን ይወስድ ነበር። ለመርካቶ ደላላ እንዲህ ያለው ኮሚሽን በሕልሙም አይመጣም። በ2023 ደግሞ አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትእዛዝ የሚጽፍና አደራጅቶ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ለመቅጠር እስከ 335 ሺህ ዶላር ዓመታዊ ደመወዝ የሚያስገኝ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር።

ሻጮቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተፎካካሪ ገጠማቸው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ በዚያው ዓመት ደንበኞቹ ቋሚ መመሪያ ጽፈው እንዲያስቀምጡ ፈቀደ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም ተጠቃሚዎች ያዘጋጇቸው ረዳቶች የሚገኙበትን መደብር ከፈተ።

ለአስመጪ የሚበጀው ከሌላ የተገዛው ሳይሆን በራሱ ሥራ ተፈትኖ የተቀመጠው ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ ለጓንዡ አቅራቢ ፕሮፎርማ የሚጠየቅበት ደብዳቤ ትእዛዝ አንዴ በሚገባ ከተጻፈ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱና የአከፋፈሉ ሁኔታ ብቻ በባዶ ቦታ ይተዋሉ። የተለየ ፕሮግራም መግዛት አያሻም፤ «ፕሮፎርማ መጠየቂያ»፣ «የዋጋ ማስሊያ» እየተባለ በሥራው ስም የተቀመጠ ተራ ፋይል ይበቃል። በቀን ብቻ የተሰየመ ፋይል በተፈለገ ጊዜ አይገኝም።

አደጋው ያለው በጽሑፉ ውስጥ ተረስቶ በሚቀር ቁጥር ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በማስሊያ ትእዛዙ ውስጥ 57ን ጽፎ የረሳ ነጋዴ የ20 ሺህ ዶላር ዕቃ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር እንደሚያወጣ ይነገረዋል። በ100 ብር ሒሳብ ግን 2 ሚሊዮን ነው። ማሽኑ የተሰጠውን ተመን ይዞ ያባዛል፤ ስሌቱም ሲታይ እንከን የለውም። ዋጋው ለደንበኛ ከተነገረ በኋላ 860 ሺህ ብሩን የሚሸፍነው ነጋዴው ነው። ስለዚህ ተመን፣ ቀረጥና የማጓጓዣ ዋጋ በየጊዜው የሚሞሉ ባዶ ቦታዎች መሆን አለባቸው።

የባለቤትነቱ ጉዳይም አለ። በብዙ ሱቆች ጽሑፎቹ የሚገኙት በጸሐፊዋ ወይም በሽያጭ ሠራተኛው የግል ስልክ ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የደንበኞች ስምና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጭምር ይዞ ይወጣል።