መድኃኒት እየወሰደ ከሱስ የሚያገግም ሰው

ከዘንገና የመጡ አንዲት እናት እንጅባራ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገብተው፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ጠየቁኝ። ልጃቸው አሜሪካ በሱስ ማገገሚያ ቤት ይኖራል። ሄሮይን ትቷል፤ ግን በየቀኑ ሜታዶን የሚባል ፈሳሽ ይጠጣል። «ታዲያ ምኑን ተወው ልጄ? ስሙን ለወጠው እንጂ!» አሉ። ደውለው አቁም ሊሉት ነበር።

እናንተም እንዲሁ ሳታስቡ አትቀሩም። ሄሮይን፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሰውነት ከለመዳቸው በኋላ ሲቀሩ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ትውከትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ሜታዶን አንጎል ውስጥ የእነሱን ቦታ ይይዛል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራና ቀኑን ሙሉ ስለሚቆይ፣ በልክ ሲታዘዝ አያሰክርም። አምሮቱ ይበርድለታል፤ ሥራውን ይሠራል፣ ሶላቱን ይሰግዳል። ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ቡፕረኖርፊንም ለዚሁ ሕክምና ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2005 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል።

የሚያስፈራው በድንገት ማቋረጡ ነው። ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቋቋም ይሳነዋል፤ አንድ ቀን ተሸንፎ ያንኑ ያህል ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ የአሜሪካ ማገገሚያ ቤቶች መድኃኒት የሚወስደውን «ገና አልተውክም» ብለው አይቀበሉም። የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ግን በሐኪም ታዞለት የሚወስድ ሰው በአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደሚጠበቅ በ2022 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። በማሌዥያ ደግሞ፣ ኩዋላ ላምፑር በሚገኘው አር-ረሕማን መስጂድ፣ ከማላያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ሜታዶን እዚያው መስጂዱ ውስጥ መስጠት የተጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ይህንን ስነግራቸው እናትየዋ «መስጂድ ውስጥ?» ብለው ደገሙት።

ቀጥለው «ረመዷንስ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሜታዶን ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ፣ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። በራሱ ፈቃድ መዝለልም ሆነ የሁለት ቀኑን ባንዴ መጠጣት የለበትም። እንደ ዲያዜፓም ያለ የእንቅልፍ መድኃኒት ቢጨምርበት ትንፋሹን ያዳክመዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ የሜታዶኑን ኃይል ስለሚቀንሰው፣ የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር።

«ሜታዶን» የሚለውን በወረቀት አስጽፈውኝ ሄዱ፤ ለአባቱ ሊያስረዱ ነው።