የካርቦን ዋጋ በካናዳ፦ የአንድ ሕግ ጉዞ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ከባቢ አየር ይለቀቃል። አሽከርካሪው ለቤንዚኑ ይከፍላል፤ ጋዙ በአየር ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ግን የሚከፍለው የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ያቀረቡት መፍትሔ በእያንዳንዱ ቶን ልቀት ላይ ዋጋ መተመን ነው። መፍትሔው ሕግ ሆኖ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው የካናዳ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጅማሬው በክፍለ ግዛቶች ነበር። አልበርታ በ2007 ትላልቅ ፋብሪካዎችን የሚመለከት ደንብ ሥራ ላይ አዋለች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2008 በአንድ ቶን 10 የካናዳ ዶላር ግብር ጣለች፤ ግብሩም በየዓመቱ እያደገ በ2012 30 ዶላር ደረሰ። በለውጡም የገቢ ግብር እንዲቀነስ ተደረገ።

የፌዴራሉ መንግሥት ሕጉን ያወጣው በ2018 ነው። በቂ የሆነ የራሳቸው ሥርዓት በሌላቸው ክፍለ ግዛቶች ከ2019 ጀምሮ በነዳጅ ላይ በቶን 20 ዶላር ይከፈል ጀመር። ሦስት ክፍለ ግዛቶች ሕጉን በፍርድ ቤት ተቃወሙ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2021 ሕገ መንግሥታዊ ነው ሲል አጸናው። በ2024 ዋጋው 80 ዶላር ሲደርስ በአንድ ሊትር ቤንዚን ላይ ወደ 18 ሳንቲም ይጨምር ነበር።

ከተሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛው ለቤተሰቦች ይመለስ ነበር። የተመላሹ መጠን ይወሰን የነበረው በነዳጅ ፍጆታ ሳይሆን በዋነኛነት በቤተሰቡ አባላት ቁጥር ነበር። ስለሆነም ነዳጅ የቆጠበ ቤተሰብ ተመላሹ አይቀነስበትም ነበር፤ እንዲያውም ይጠቀም ነበር። ይሁን እንጂ ክፍያው ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ይታይ ነበር፤ ተመላሹ ግን በዓመት አራት ጊዜ ብቻ በባንክ ሒሳብ ይገባ ነበር። የኑሮ ውድነት በተባባሰበት ወቅት ይህ ልዩነት ለተቃዋሚዎች አመቺ ሆነ።

መንግሥት በ2023 በቤት ማሞቂያ ዘይት ላይ የነበረውን ክፍያ ለሦስት ዓመት አገደ። በዚህም «ለማንኛውም ነዳጅ አንድ ዓይነት መመዘኛ» የሚለው መርህ ተሸረሸረ፤ በሌላ ነዳጅ ቤታቸውን የሚያሞቁ ዜጎችም «የእኛስ?» ብለው ጠየቁ። በመጨረሻም በሚያዝያ 1 ቀን 2025 ሸማቾች በነዳጅ ላይ የሚከፍሉት ዋጋ ቀረ። በትላልቅ ኢንዱስትሪዎች ላይ የተጣለው ግን ቀጠለ።

የአንድ ቶን ጋዝ ጉዳት ከየትኛውም ነዳጅ ቢወጣ እኩል ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። የካናዳ ሕግ የተሰናከለው በስሌቱ ሳይሆን ዜጋው የሚከፍለውንና የሚመለስለትን ጎን ለጎን ማየት ባለመቻሉ ነው። ነገ መሰል ፖሊሲ የሚነድፉ ወጣት ባለሙያዎች ለተመኑ የሚሰጡትን ትኩረት ያህል ለአመላለሱም ሊሰጡ ይገባል።